ሠሪው ያልታወቀ

በሰኔ መጨረሻ፣ ጦሳ ጉም ተከናንቦ
ደሴ ከወገቧ በታች ብቻ በምትታይበት ቀን፣
የትብብር ደብዳቤዬን በፌስታል ጠቅልዬ
ወጣሁት ዳገቱን።

«ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል ደብዳቤው፤
ማንን እንደሚመለከት ግን አይናገርም።
የሁለት ወር ልምምድ፣ አበል የሌለው፣
ምሳም የለበትም።

ጋሽ አራጋው ተቀበሉኝ፦ የሙዚየሙ ኃላፊ፣ መዝጋቢ፣
አስጎብኚ፣ ሲቃጠልም አምፖል ቀያሪ፤
ደብዳቤዬን ገልብጠው ጀርባውን አዩና
«ደግ፣ ባዶ ቦታ አለው» አሉ፣ «ጻፊበት፣ ተማሪ።

ሰው የሚያመጣ ነገር ጻፊ።
ዕቃማ ሞልቶን ነበር፣ ዛሬም ጥቂት ተርፎልናል፤
ሠላሳ ዓመት ስከፍት ስዘጋ
በሩ ለምዶኛል፣ ሰፈሩ ግን ረስቶናል።»

ጻፍኩ።
ዓላማ፣ ግብ፣ የሚጠበቅ ውጤት፣
በሠንጠረዥ ደረደርኩ፤
ከሸርፍ ተራ እስከ ቧንቧ ውሃ
በየምሰሶው ለጠፍኩ፦
«ቅዳሜ በስምንት ሰዓት። መግቢያ በነጻ።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም አልመጣ።
በሁለተኛው አንድ ሎተሪ አዟሪ
የስልኩን ባትሪ ሞልቶ ወጣ።

በሦስተኛው ዝናብ ጣለ፣
የደሴ ዝናብ፣ ጃንጥላ ገልብጦ የሚስቅ፤
ከሰኞ ገበያ ሽቅብ የሚወጣው ሁሉ
በረንዳችን ላይ ተኮለኮለ፣
ጎርፉ አልፎ እስኪያልቅ።

ዶሮ ያቀፈች፣ ሽንኩርት የተሸከመ፣
ሱቅ በደረቴ፣ የመድረሳ ልጆች፣ ሁለት ዲያቆን።
«ግቡ» አልኳቸው።
«በስንት?»
«በነጻ።»
ተያዩ። ነጻ ነገር ማን ያምናል በዚህ ዘመን?

መስታወቱ ውስጥ አንድ ባና አለ፣ የጥቁር በግ ጠጉር፤
ከሥሩ ካርድ፦ «ባና። ሱፍ። ሠሪው ያልታወቀ።»
አንድ ሽማግሌ መስታወቱን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉና
ሳቃቸው ከሆድ ፈለቀ።

«ማነው ያልታወቀው?
የይማም እጅ ነው ይሄ፣ የሮቢቱ ሸማኔ!
ዳሩን እዩት፤ ሊጨርስ ሲል ክር ያጥረዋል ሁልጊዜ።
ሲሞትም ሦስት ብር ዕዳ ነበረበት ለኔ።»

«አይ አንቱ!» አሉ ዶሮ ያቀፉት፣ እመት ሩቂያ፣
«ይማምስ ሸመነ፤ የፈተለው ማን ሆነና?
ጦይባ አይደለችም? ወላሂ፣ ጣቷ እስኪላጥ!
የሱን ከጻፋችሁ የሷንም ጻፉ፤
አለዚያ ቅደዱትና
ያልታወቀ ይሁን እንደገና።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቆጣጠረው?
አንዱ «ባና ሳይሆን ዝተት ነው» ይላል፣
ሌላው በባና ተጠቅልሎ ያደገበትን ብርድ ያወራል፣
ዶሮዋ አመለጠች፣
ዘበኛው ሙሄ «አትንኩ» የሚለውን ሰሌዳ እንደያዘ
ሲያባርራት ሰሌዳው ለሁለት ተሰበረ።

ልቤ ቆመ። ጋሽ አራጋውን ሸሽቼ አየሁ፣
ዛሬ አበቃልኝ ስል።
ወንበር አምጥተው ሽማግሌውን አስቀመጡና
«አብሽሪ» አሉኝ በጆሮዬ፣ «መርሐ ግብር ማለት ይሄ ነው፤
ጻፊ፣ ቃል በቃል።»

ካርዱ አልበቃም። በደብዳቤዬ ጀርባ ጻፍኩ፦
«ባና። ፈታይ፣ ጦይባ። ሸማኔ፣ ይማም፤ ዳሩ ላይ ክር ያጠረው።
ሦስት ብር ዕዳ ያልተከፈለበት።
እመት ሩቂያ እንደሚሉት ግን ተከፍሏል፣
በሁለት ቁና ገብስ።»

ነሐሴ ሲጋመስ የምዘና ቅጽ ተሞላልኝ፦
ሰዓት ማክበር፣ አራት ከአምስት፤ አለባበስ፣ አምስት።
ዶሮ የሚገባበት ሳጥን የለውም ቅጹ።
«ሥራስ?» አልኩ።
ጋሽ አራጋው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፦
«መደቡ አለ፣ ወረቀት ላይ። በጀቱ ነው የሌለው።»

አሁን ኮምቦልቻ፣ አጎቴ ሱቅ
ባልዲና ብረት ድስት እሸጣለሁ።
«ይህን ማን ሠራው?» የሚል ገዢ የለም፤
እኔው ራሴ ድስቱን ገልብጬ እፈልጋለሁ።
«ዋጋውን ንገሪያቸው!» ይላል አጎቴ።

ቅዳሜ ግን ሐረጎን በሚኒባስ እወጣለሁ፣
ሒሳቡ ከኪሴ ነው።

ባለፈው አንድ የባጃጅ ሹፌር ገባ፤
ቁልፉን በጣቱ እያዞረ መጣና
ካርዱ ፊት ቆመ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ።
ምንም አላለም።
መስታወቱ ላይ ሦስት ድቡልቡል ብር አስቀምጦ
ተመለሰ።

እስከዛሬ እየተከራከርን ነው በየትኛው መዝገብ እንደሚሰፍር፤
ጋሽ አራጋው «ገቢ ነው» ይላሉ።
እኔ «ቅርስ» ብያለሁ።